በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና የመጀመሪያው ፓርላማችን

መግቢያ

ስለ ሕግ አውጪ አካል እንድንጽፍ ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከእንግሊዝ ነው። ማግና ካርታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የላይኛውና የታችኛው ምክር ቤት፣ ከዚያ ሞንቴስኪዩና የሥልጣን ክፍፍል፣ በመጨረሻም አሜሪካ። ጥፋት አለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን እኛም የራሳችን መጀመሪያ አለን። መጀመሪያው ደግሞ ቀን፣ ሰነድና ጸሐፊ ያለው ነው። ቀኑ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ሰነዱ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ በዚያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወት ላስተዋውቃችሁ እሞክራለሁ። የሕይወት ታሪክ ለብቻው፣ የሕገ መንግሥት ትምህርት ለብቻው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሆኖም የእርሳቸውን ሕይወት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አልለቅህ ይለኛል። የሚመክር ግን የማይወስን ፓርላማ፣ ፓርላማ ነው ወይ? ጥያቄውን ከመጽሐፍ ትርጓሜ ተነስቶ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ምክር ቤቱን በወረቀት ላይ የፈጠረው ሰው በኋላ ምን እንደገጠመው አይቶ መመለሱ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል።

ከአድዋ እስከ ፒተርስበርግ

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ራስ መኰንን የሐረር ገዥ፣ የአጼ ምኒልክ የቅርብ ሰውና አውሮፓን በዓይናቸው ያዩ መኰንን ነበሩ። የኋላው ንጉሠ ነገሥት ተፈሪም የእርሳቸው ልጅ ናቸው። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱን ያስጻፉትና የጻፉት ሰዎች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው ማለት ነው።

ገና ልጅ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኰንን ጦር ጋር አድዋ ዘመቱ። አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ሊዮንቲዬፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ ሞልቻኖፍ በሚባል ኮሎኔል ቤተሰብ ውስጥ አድገው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በሩሲያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ቋንቋው፣ ሥርዓቱ፣ ሥነ ጽሑፉ ሁሉ ሰረጻቸው።

እዚህ ላይ ለርዕሳችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። እርሳቸው ሩሲያ በነበሩበት ዘመን፣ በ1905 እ.ኤ.አ. አብዮት ተነሥቶ ዛር ኒኮላይ ሕዝባዊ ምክር ቤት እንዲቋቋም ለመፍቀድ ተገደደ። ዱማ የተባለው ምክር ቤት በ1906 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ዛሩ ግን ሦስት ወር ሳይሞላው በተነው። ያ ወጣት መድፈኛ ፖለቲካውን በምን ያህል ቅርበት እንደተከታተለ ልገምት አልፈልግም። ነገር ግን ምክር ቤት የሚሰጥ ንጉሥ ምክር ቤቱን መልሶ ሊወስድ እንደሚችል ባደገበት አገር የታየ እውነት ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም እንደገና አውሮፓ ሄደው ቆይተዋል። በተለይ የእርሻ ትምህርት ይማርካቸው ነበር። ይህ የእርሻ ፍቅር እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ ያልተለያቸው ነው።

ገዥና ጸሐፌ ተውኔት

በመንግሥት ሥራ ከያዟቸው ቦታዎች መካከል ጅጅጋና ጨርጨር ይገኙባቸዋል። በጅጅጋም ሆነ በጨርጨር ከተማ የማቀድ፣ መንገድ የማውጣት፣ ግብርን በሥርዓት የመሰብሰብ ሥራ ላይ አተኩረዋል። የዛሬዋ ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ የተቆረቆረችው በእርሳቸው ነው። የጨርጨር አስተዳደር በኋላ ለሌሎች ግዛቶች አርአያ ይሆናል ተብሎ ለታሰበው የተሻሻለ አስተዳደር መሠረት ሆኗል።

የእኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙም የማናስታውሰው፣ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ጓደኞቻችን ግን አሳምረው የሚያውቁት ሌላ ሥራ አላቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮመዲያ ጻፉ። በዘመናዊ መንገድ የተጻፈ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ይህ ነው። ታሪኩ ከላፎንቴን ተረቶች የተወሰደ ሲሆን የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የነበሩት መኳንንት እንስሳቱ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገሩም። ብልሹ አስተዳደርን፣ ጉቦንና ስንፍናን የሚነቅፍ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ ጨዋታው እንዳይታይ አገዱት። የአገራችን ቲያትርም ለአሥር ዓመት ያህል ጸጥ አለ።

ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ሹመትን በአደባባይ የነቀፉ ሰው ናቸው። ነቀፌታ በንጉሥ ትእዛዝ ሲዘጋም ቀምሰውታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥት ጻፍ የተባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሕገ መንግሥቱ እንዴት ተጻፈ

አጼ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ወዲያውም ሕገ መንግሥት እንዲዘጋጅ አዘዙ። ለምን? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና እንደ ሌሎቹ መንግሥታት የተጻፈ ሕግ ያላት ዘመናዊ አገር መሆኗን ማሳየት ያስፈልግ ነበር። በአገር ውስጥ ደግሞ ዘውዱ ከየግዛቱ ባላባቶች በላይ መሆኑን በጽሑፍ ማጽናት ተፈለገ። የዙፋን ውርስ በአንድ የዘር ሐረግ እንዲወሰን የተደረገውም በዚሁ ሰነድ ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተለያዩ አገሮችን ሕገ መንግሥታት አገላበጡ። ዋና ምሳሌ የሆነው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓን የተመረጠችው ዝም ብሎ አይደለም። በዚያን ዘመን የነበሩ የአገራችን ምሁራን፣ ከእነርሱም ቀደም ብሎ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ጃፓንን በአድናቆት ይመለከቱ ነበር። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ጥንታዊ ዘውድ ያለው፣ በአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ራሺያን በጦርነት ያሸነፈ። ታዲያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይምጣ?

ረቂቁ ለመኳንንቱ ሲቀርብ ክርክር ተነሥቷል። ትልልቆቹ የዘር መሳፍንት ግዛታቸው ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ በሕግ እንዲረጋገጥላቸው ይፈልጉ ነበር። የተማሩትና በሥራቸው የተሾሙት ደግሞ ይህን ይቃወሙ ነበር። በመጨረሻ የጸደቀው ሰነድ የመሳፍንቱን የግዛት ውርስ አላጸናም። በዚህ ረገድ ዘውዱ አሸነፈ ማለት እንችላለን። ሰነዱ ሲፈረም አንቀጾቹን ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ዘርዝረው ያስረዱት ራሳቸው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው።

ሁለቱ ምክር ቤቶች

ሕገ መንግሥቱ በ7 ምዕራፎች የተከፈሉ 55 አንቀጾች ነበሩት። ስለ ምክር ቤቶች የሚናገረው አራተኛው ምዕራፍ ነው። አወቃቀሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾማሉ። የሚሾሙትም በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መኳንንት መካከል ነው።

ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። የዚህ አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በየአገሩ መኳንንትና ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እስኪበቃ ድረስ የሚለው ሐሳብ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ሕዝብን ገና ያልደረሰ ልጅ ያደርጋል። በሌላ በኩል ግን አሠራሩ ጊዜያዊ መሆኑንና የመምረጥ መብት በመጨረሻ የሕዝብ መሆኑን አምኖ በወረቀት ያሰፍራል። አንድ ሰው የሁለቱም ምክር ቤቶች አባል በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም ነበር።

ሥልጣናቸውስ? ምክር ቤቶቹ ያልመከሩበትና ንጉሠ ነገሥቱ ያላጸኑት ሕግ ሊሠራበት አይችልም ይላል ሕገ መንግሥቱ። ላይ ላዩን ሲታይ ጠንካራ ድንጋጌ ነው። ወደ ዝርዝሩ ስንገባ ግን ገመዱ ይታያል። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ሥራ በዋናነት ሚኒስትሮች በሚልኩት ሐሳብ ላይ መምከር ነው። እንደራሴዎቹ ለአገር ይጠቅማል የሚሉት የራሳቸው ሐሳብ ካላቸው በፕሬዚዳንታቸው በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባሉ፤ ሊመክሩበት የሚችሉት ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ያቀረበውን አሳብ ንጉሠ ነገሥቱ ካልተቀበሉት በዚያው የስብሰባ ዘመን እንደገና ሊያነሳው አይችልም። ሚኒስትርን ጠርቶ ለመጠየቅም የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምክር ቤቶቹን የሚሰበስቡት፣ የሚዘጉት፣ የሕግ መምሪያውንም ሊበትኑ የሚችሉት እርሳቸው ናቸው።

ምክር ቤቱ በ1924 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጎንደሩም፣ በወለጋውም፣ በሐረሩም ሹም በኩል የተመረጡ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት መኳንንት ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት ወይ ለግብር፣ ወይ ለሙግት፣ ወይ ለዘመቻ ነበር። አሁን ግን በወረቀት ላይ በተጻፈ ሕግ ሐሳብ ላይ ለመነጋገር መጡ።

ጃፓንና እኛ

ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውይይት ላይ አንድ ጓደኛዬ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓን ቅጂ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት ብሎ ተከራክሮ ነበር። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ግን ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ልዩነቱ የት እንዳለ ታየኝ። ልዩነቱ በትክክል የምክር ቤቱ ሥልጣን ላይ ነው።

የሜጂ ሕገ መንግሥት 76 አንቀጾች አሉት፤ የእኛ 55። ሁለቱም በ7 ምዕራፍ ተከፍለዋል። በሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱን በራሱ ፈቃድ የሰጠ ነው፤ ሕዝብ አላጸደቀውም። እስከዚህ አንድ ናቸው። በጃፓን ግን ማንኛውም ሕግ የፓርላማውን ስምምነት ይጠይቃል። በእኛ የሚጠየቀው ምክር ነው። በጃፓን ሁለቱም ምክር ቤቶች የሕግ ረቂቅ ራሳቸው ማመንጨት ይችላሉ። በእኛ አይችሉም። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። እርግጥ በ1890 እ.ኤ.አ. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የመምረጥ መብት የነበረው ግብር ከፋይ ወንድ ብቻ ስለነበር መራጩ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነበር። ቢሆንም የተመረጡት እንደራሴዎች ገና በመጀመሪያው ስብሰባ የመንግሥትን በጀት ካልቀነስን ብለው ከሚኒስትሮች ጋር ተናነቁ። ስምምነት የሚለው አንድ ቃል የሰጣቸው ጉልበት ነው።

ስለዚህ መማከር እና መስማማት በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። አንድ ምክር ቤት እምቢ ማለት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ቅጂ ነው ከተባለ፣ እምቢ የሚለው ክፍል ተቆርጦ የወጣበት ቅጂ ነው።

አንቀጽ 55

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለጸሐፊው መከራከር እወዳለሁ። ሕገ መንግሥቱን ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምራችሁ እንድታነቡት እጋብዛለሁ። አንቀጽ 55 ስለ በጀት ነው። የመንግሥት ገቢ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለየሚኒስቴሩ የሚፈቀደውን ልክ በሚወስን ዓመታዊ በጀት መሠረት ካልሆነ አይወጣም ይላል። በጀቱም የገንዘብ ሚኒስትሩ በሚያቀርበው መነሻ በሁለቱ ምክር ቤቶች ይመከርበታል፤ ውሳኔያቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ቀርቦ ይጸድቃል።

ይህን የጻፈው ሰው የገንዘብ ሚኒስትር እንደነበረ አትርሱ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ ገንዘብ መሐል ያለው ድንበር በግልጽ የተለየ አልነበረም። ግብር በማር፣ በእህል፣ በከብትና በጉልበት ይከፈል ነበር። ሹመኛው ደመወዝ የለውም፤ የሚተዳደረው ከሚሾምበት አገር ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ውስጥ አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ራሱን ጨምሮ ማንም ያለ በጀት እንዳያወጣ የሚል አንቀጽ መጻፉ ምን ማለት ነው? ለእኔ ጨዋታውን የጻፈው ሰው እዚህ አንቀጽ ውስጥ ይታየኛል። ፋቡላ በእንስሳት አፍ የነቀፈችውን ብልሹነት አንቀጽ 55 በሕግ ቋንቋ ለማሠር ሞክሯል።

ከፓርላማ ሥልጣኖች ሁሉ የመጀመሪያው የገንዘብ ሥልጣን መሆኑን በመጀመሪያ ዓመት ተምረናል። በእንግሊዝም ንጉሥ ከምክር ቤት ጋር የተጋጨው በግብር ነው። ተክለ ሐዋርያት እምቢ የማለትን ሥልጣን ለምክር ቤቱ መስጠት አልቻሉም። ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ በምክር ቤት ፊት የሚቆጠር ነገር ነው የሚለውን መርህ አስቀመጡ። መርሁ ለብዙ ጊዜ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀርቷል ብትሉኝ እስማማለሁ። ወረቀቱ ባይኖር ግን በኋላ የመጡት በምን ይጠይቁ ነበር?

ጄኔቫ፣ ጦርነትና ስደት

ሕገ መንግሥቱ ከወጣ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛና በመንግሥታት ማኅበር የአገራቸው ወኪል ሆኑ። ኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲፈጠር የኢትዮጵያን ጉዳይ በጄኔቫ ይዘው የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። የሚገርመው፣ የአገራቸው ምክር ቤት የማይወስን መሆኑን የሚያውቁት ሰው አሁን የቆሙት ሌላ የማይወስን ምክር ቤት ፊት ነበር። ማኅበሩ ጣሊያን ቃል ኪዳኑን መጣሷን በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. አወቀ፤ ማዕቀብም ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፣ የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ምክር ቤት እውነቱን ዐውቆ ኃይል ሲያጣ ምን እንደሚመስል ከእርሳቸው በላይ በቅርብ ያየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወረረ። ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አውሮፓ ይሂዱ ወይስ አገር ውስጥ ሆነው ይዋጉ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ተክለ ሐዋርያት መሄዱን ተቃወሙ። ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መዋጋት አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ። ጠላትም ከሦስት ቀን በኋላ ገባ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ጋ ነው። አገር በምትጠፋበት ሰዓት፣ ዘውዱ ከአገር ይውጣ አይውጣ የሚለውን ጥያቄ ያነጋገሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት የተቋቋመው ፓርላማ በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጠም። ሊሰጥም አይችልም ነበር፤ ጦርነትና ሰላም በሕጉ መሠረት የንጉሠ ነገሥቱ ጉዳይ ናቸውና። ተክለ ሐዋርያት የተቃወሙት ውሳኔ ራሳቸው ከጻፉት ሕግ አንጻር ሕጋዊ ነበር። ለተቃውሟቸው የሚሆን መድረክ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሰው ለሌላ የሰፋው ልብስ ራሱን ሲያጠበው ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ስደት ነው። በጂቡቲ በኩል ወጥተው ኋላ ማዳጋስካር ገቡ፤ እዚያም በእርሻ ኖሩ። አገር በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ ወዲያው አልተመለሱም። የተመለሱት በ1940ዎቹ ነው። ከተመለሱም በኋላ ወደ ትልቅ ሹመት አልገቡም፤ እርሻቸው ላይ ሆነው የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት አልፏቸው ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ የወጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ በተባለው ልብ ወለድ የሚታወቁ ደራሲ ናቸው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ምክር ቤቶች

እስኪ ያ ጊዜያዊ የተባለው አሠራር የት ደረሰ? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ አንቀጾቹ 131 ደረሱ። የሕግ መወሰኛው እንደ ድሮው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ሆኖ ቀረ። የሕግ መምሪያው ግን በሕዝብ ምርጫ እንዲቋቋም ተደነገገ። በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከየትኛውም ምክር ቤት 10 ወይም ከዚያ በላይ አባላት ሆነው ሕግ ማመንጨት እንዲችሉም ተፈቀደ። ከ1923ቱ ጋር ስታነጻጽሩት ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ለዕጩነት የንብረት መለኪያ ስለነበረ የገቡት በአብዛኛው ባለመሬቶች ናቸው። የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ በ1960 ዓ.ም. ሲቀርብ ተከራከሩበት፣ አሻሻሉትም። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። እምቢ ማለት የቻለ ፓርላማ ተገኘ፤ እምቢ ያለው ግን ለጭሰኛው ነበር። ይህም ትምህርት ነው። ሥልጣን ብቻ አይበቃም፤ ማን ነው የተወከለው የሚለውም ይጠየቃል። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ ፓርላማውንም በተነ። ተክለ ሐዋርያት በሕይወት ሳሉ የጀመሩት ምክር ቤት ሲዘጋ አዩ ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ነው። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል። ፕሬዚዳንቱ የወጣውን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚገኙበት ሆኖ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ ሕግ ግን አያወጣም። በዚህ ከብዙ አገሮች የላይኛው ምክር ቤት ይለያል።

በወረቀት ሲታይ ከ1923 ዓ.ም. የነበሩት ገመዶች ሁሉ ተፈተዋል። ንጉሥ ሳይፈቅድ የማይነሣ ሐሳብ የለም፤ ሚኒስትር ለመጥራት ፈቃድ አይጠየቅም። ታዲያ ገመዱ ከወረቀት ሲወርድ ከእጅም ወርዷል ወይ? ይህን ለመመለስ አንቀጽ ማንበብ አይበቃም። በጀት ሲቀርብ ስንት ጥያቄ ተነሣ፣ ስንት ረቂቅ ተሻሻለ፣ ስንት ተቃውሞ ተመዘገበ የሚለውን መቁጠር ይጠይቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ጓደኞቼ ይህን በነጻ ሰጥቻችኋለሁ።

ማጠቃለያ

መጀመሪያ ወደጠየቅሁት ልመለስ። የሚመክር ግን የማይወስን ፓርላማ፣ ፓርላማ ነው ወይ? የተክለ ሐዋርያት ሕይወት የሰጠኝ መልስ ሁለት ክፍል አለው። እምቢ ማለት የማይችል ምክር ቤት አገር ስትቸገር አይደርስም፤ በ1928 ዓ.ም. አልደረሰም። ይህን የከፈሉት ሁሉም ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ ጸሐፊውም በሃያ ዓመት ገደማ ስደት ከፍለዋል። በሌላ በኩል ግን በደካማ ምክር ቤት ውስጥ እንኳ የሚቀመጡ ሁለት ሦስት መርሆዎች፣ ማለትም ያለ ምክክር ሕግ የለም፣ ያለ በጀት ወጪ የለም፣ ምርጫው በመጨረሻ የሕዝብ ነው የሚሉት፣ ከጻፏቸው ሰዎችና ካስጻፏቸው ነገሥታት በላይ ዕድሜ አላቸው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን የንጉሥ ጸሐፊ ብቻ አድርገን ብናልፋቸው ግማሹን ታሪክ እንስታለን። የዲሞክራሲ አባት ብለን ብናነግሣቸውም ሌላውን ግማሽ እንስታለን። እኔ የማያቸው የሚፈልጉትንና የሚፈቀድላቸውን ለይተው፣ የተፈቀደላቸው ወረቀት ጥግ ላይ የሚፈልጉትን ጥቂት ያስቀመጡ ሰው አድርጌ ነው። የእኛ ትምህርት ክፍል ተመራቂዎችም ነገ ደንብ አርቃቂ፣ የምክር ቤት ባለሙያ፣ የሕግ አማካሪ እንሆናለን። ረቂቅ ስንጽፍ መማከር ብለን እንጻፍ ወይስ መስማማት ብለን እንጻፍ የሚለው ምርጫ እጃችን ላይ ይወድቃል። ያን ቀን ቃላቱን ከመምረጣችን በፊት የ1923ቱን ሰነድ ብናስታውስ ጥሩ ነው እላለሁ።